ስለ አሮጌ የሞተር መጋዝ እድሳት

ሳምንቱን ሙሉ ከፋይልና ከማኅተም ጋራ የሚውል ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጁን የሚያሠራበት አንድ ጉዳይ ቢኖረው ለአእምሮውም ለጤናውም መልካም ነው። አንዱ አትክልት ይኰተኵታል፤ ሌላው ፎቶግራፍ ያነሣል። ዛሬ የምናወሳው ግን ከእነዚህ ወጣ ያለና እጅን ቅባት የሚያስነካ ነው፤ ይኸውም ያገለገለና ባለቤቱ ተስፋ የቈረጠበትን የሞተር መጋዝ በርካሽ ገዝቶ በገዛ እጅ ማደስ ነው።

ሥራው ደስ የሚያሰኝ መሆኑ አይካድም። ዳሩ ግን ይህ መሣሪያ እንደ ግድግዳ ሰዓት ያለ አይደለም። በደንብ ያልታደሰ ሰዓት ቢበዛ ቀጠሮ ያስቀራል፤ በደንብ ያልታደሰ የሞተር መጋዝ ግን ጣት ያስቀራል፤ ከዚያም የባሰ ያደርሳል። ስለዚህ ነገሩን ከሥር መሠረቱ መመልከት ያስፈልጋል።

በቤንዚን የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ በጀርመን አገር የተወለደው በ1920ዎቹ ዓመታት (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ነው። ኤሚል ሌርፕ የተባለው ሰው የራሱን መጋዝ በ1927 በቱሪንጊያ በሚገኘው በዶልማር ተራራ ላይ ሞከረ፤ የፋብሪካውም ምርት በዚሁ ተራራ ስም ተጠራ። አንድሬያስ ስቲል ደግሞ በ1929 የራሱን የቤንዚን መጋዝ አወጣ። እነዚህ መጋዞች ክብደታቸው ከአርባ ኪሎ በላይ ስለ ነበረ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ነበር የሚሠሩባቸው። በ1959 ስቲል ኮንትራ የሚባለውን ሞዴል አወጣ፤ ይህ መጋዝ ክብደቱ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ያህል፣ ጕልበቱም ስድስት የፈረስ ጕልበት ያህል በመሆኑ አንድ ሰው ብቻውን ትልቅ ግንድ ለመጣል ቻለ። ከኮንትራ የተወለደው 070 የተባለው ሞዴል በአፍሪካ፣ በእስያና በደቡብ አሜሪካ ደኖች እጅግ ብዙ ሥራ ሠርቷል። ከዚህ በታች የሚነገረው በይበልጥ የሚመለከተው እንደ 070 ያለውን አሮጌና ጠንካራ መጋዝ ነው።

እንግዲህ ከምናለሽ ተራም ይሁን ከአንድ የጣውላ ነጋዴ መጋዘን ጥግ አንድ እንዲህ ያለ መጋዝ አገኙ እንበል። ሻጩ የሚናገረው ቃል ከወዲሁ የታወቀ ነው፤ «ካርቡሬተሩን ብቻ ቢያስጠርጉት ይነሣል» ይላል። እንዲያውም የማስነሻውን ገመድ ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ አስነሥቶ ሊያሳይዎ ይችላል። በዚህ አይታለሉ። መጋዙን ወደ ቤት ከወሰዱም በኋላ የማስነሻውን ገመድ ለመሳብ አይቸኵሉ። ምክንያቱም የቆመ ሞተር ሁሉ ያቆመው ነገር አለ፤ ያ ምክንያት ሳይታወቅ ሞተሩን ማስነሣት ሞተሩን ለሁለተኛ ጊዜ መግደል ነው። በእኔ አስተያየት አዳሹን ከቀለም ቀቢ የሚለየው ይህ ብቻ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የሞተሩን ጠባይ ማወቅ ግድ ነው። የመኪና ሞተር ዘይቱን ለብቻው በታችኛው ክፍሉ ያጠራቅማል። የመጋዙ ሞተር ግን ባለሁለት ምት ስለ ሆነ ለብቻው የተቀመጠ የሞተር ዘይት የለውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋራ ተቀላቅሎ፣ ከአየር ጋራ በጕም መልክ በሞተሩ የታችኛው ክፍል እያለፈ ኩሽኔታውንና ፒስቶኑን ያለሰልሳል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል። በአንድ የተሰነጠቀ ጎማ ወይም ባረጀ ፓራኦሊዮ በኩል ትርፍ አየር የገባ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ቤንዚኑም ዘይቱም ይቀንስበታል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቅባቱ ግን ይጎድላል። ሰውየው «ዛሬስ ጕልበት አገኘ» እያለ ደስ ሲለው ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋራ እየተላላጠ ነው።

(በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ፓራኦሊዮ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። በተሻለ የአማርኛ ቃል ልንተካቸው እንችል ይሆናል፤ ነገር ግን መለዋወጫ ለመግዛት ሲሄዱ በእነዚሁ ቃላት ቢጠይቁ ቶሎ ያገኛሉ።)

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምርመራ ነው። ካንዴላውን ይንቀሉ፤ ቀጥሎም ማርሚታውን የያዙትን ቡሎኖች ፈትተው ያውርዱት። በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል በባትሪ መብራት ሲመለከቱ የፒስቶኑ ጎን ወለል ብሎ ይታያል። ቮላኖውን በእጅ በዝግታ እያዞሩ ፒስቶኑን ከላይ እስከ ታች ይመርምሩት። ጎኑ ለስላሳ ሆኖ ከፋብሪካ የወጣበት ስስ የማሽን መስመር ገና የሚታይ ከሆነ ደስ ይበልዎ። በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች የተጫረ ከሆነ፣ ያ ወገን ከሁሉ ይልቅ የሚሞቀው ነውና፣ ሞተሩ በሙቀትና በቤንዚን ማነስ እንደ ተጎዳ ይጠርጥሩ፤ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ መፈለግ ይኖርብዎታል። ካርቡሬተሩን አውርደው በአየር ማስገቢያው በኩል ሲመለከቱ ፒስቶኑ ተፍቆና ደብዝዞ ቢገኝ ጥፋቱ የአቧራ ነው፤ የአየር ማጣሪያው ተቀዶ ወይም ጨርሶ ተጥሎ ከርሟል ማለት ነው። ዙሪያውን የተላላጠ እንደ ሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ሞልቶበታል። እነዚህ ምልክቶች አንዳንድ ጊዜ ተደባልቀው ስለሚገኙ እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ምስክር ቃል ይቀበሏቸው።

ፒስቶኑ ቢጫርም ሲሊንደሩ ጠፍቷል ማለት አይደለም። የብዙዎቹ ሲሊንደር ውስጡ በጠንካራ ክሮም የተለበጠ ነው፤ ጭረት መስሎ የሚታየውም ብዙ ጊዜ ከፒስቶኑ ቀልጦ የተለጠፈ አሉሚኒየም ነው። ጥፍርዎን በላዩ ቢያስኬዱ ከፍ ብሎ የሚሰማው የተለጠፈ ነው፤ ዝቅ ብሎ ጥፍር የሚይዘው ግን የተቦረቦረ ነው። የተለጠፈውን ለማስለቀቅ አሲድ የሚቀቡ ሰዎች አሉ። እኔ ትዕግሥት ላለው ሰው ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሶ በጣት መፋቁን እመርጣለሁ፤ አሲዱ አሉሚኒየሙን ብቻ በልቶ አይቆምምና። የተቦረቦረውን ሲሊንደር ከመለወጥ በቀር ማዳኛ የለውም። አዲስ ፒስቶን ሲገባም ፋሻው አብሮ አዲስ መሆን አለበት።

አየር የሚገባበትን ለማግኘት ጥሩ ዘዴ አለ። የጭስ መውጫውንና የአየር ማስገቢያውን በጎማና በጠፍጣፋ ብረት አጥብቀው ይድፈኑ፤ ካንዴላውንም መልሰው ይግጠሙ፤ ከዚያም መለኪያ ባለው ትንሽ የእጅ ፓምፕ ግማሽ ባር ያህል አየር አስገብተው መለኪያው ይወርድ እንደ ሆነ ይመልከቱ። ከወረደ የሳሙና ውኃ በመጋጠሚያዎቹ ሁሉ ላይ ይቀቡ፤ አረፋ የተነሣበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው። ይህ ብቻ አይበቃም፤ ያረጀ ፓራኦሊዮ ሲገፉት ይዞ ሲስቡት የሚለቅበት ጊዜ ስላለ፣ ፓምፑን ገልብጠው አየሩን እየመጠጡ ደግመው ይፈትኑ። ፓራኦሊዮው ያለው በሁለቱም ወገን፣ ከቮላኖውና ከፍሪሲዮኑ በስተጀርባ ነው። ዋጋው ትንሽ ስለ ሆነ አንዱ ካረጀ ሁለቱንም መለወጥ ብልህነት ነው።

ካርቡሬተሩም የራሱ ምሥጢር አለው። መጋዝ ተገልብጦም ተጋድሞም መሥራት ስላለበት እንደ መኪናው በተንሳፋፊ አይሠራም፤ ቤንዚኑን የሚመጥነው አንድ ስስ የጎማ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ዓመታት ሲያልፉት ይደርቃል፤ ጣት ሲነካው እንደ ብራና ከተንኰሻኰሸ መለወጥ አለበት። ቤንዚን ተደፍቶለት በቆየ መጋዝ ውስጥ ቤንዚኑ ተንኖ እንደ ሙጫ ያለ ዝቃጭ ይተዋል፤ በውስጥ ያለችውን ደቃቅ ወንፊት የሚደፍነውም ይኸው ነው። ቀዳዳዎቹን በካርቡሬተር ማጽጃ ይጠቡ፤ በሽቦ ግን በፍጹም አይጐርጕሯቸው፤ በጥቂት የሰፋ ቀዳዳ ዳግመኛ አይጠብምና። የቤንዚን መመጠኛ ብሎኖቹን እስኪቆሙ ድረስ በቀስታ ዘግተው አንድ ዙር ያህል ቢከፍቱ ለመነሻ ይሆናል።

ብልጭታ የሌለው እንደ ሆነ በአሮጌዎቹ ሞዴሎች ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከቮላኖው ሥር ባለችው ብልጭታውን በምትከፍትና በምትዘጋ ትንሽ መገናኛ ላይ ነው። ዝገትና ቅባት ይይዛታል። ክፍተቷ ሲከፈት ከሚሊ ሜትር አራት ዐሥረኛ እጅ ያህል መሆን አለበት፤ የካንዴላው ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር። መገናኛዋን ለመጥረግ ንጹሕ የስም ካርድ በመካከሏ አስገብቶ መሳብ ይበቃል፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ካርድ አያጣም። ቮላኖውን ለማውጣት ግን ተገቢውን ማውጫ ይዋሱ እንጂ በመዶሻ አይምቱት፤ የማቀዝቀዣ ክንፎቹ ይሰበራሉ።

አሁን ስለ ጤና ጥቂት ልበል። በአሮጌ ሞተሮች ያለ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፋቁት፤ አርሰው በቀስታ ያንሡት። የብዙዎቹ መጋዞች አካል ማግኒዚየም ነው፤ ስለዚህ በመሞረጃ ሞተር ሲሞርዱት የሚወጣው ብናኝ እሳት ሊይዝ ይችላል፤ ከተያያዘም ውኃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በደረቅ አሸዋ ይሸፍኑት። ሞተሩን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያስነሡ። ስለ ቀለም የምለው ብዙ የለኝም፤ የመጨረሻው ሥራ ይሁን፤ የቀድሞው ቀለም በከፊል ካለ ባይነካ የበለጠ ያምራል።

የሰንሰለቱ ጥርስ የሚሳለው ለሰንሰለቱ መጠን በተወሰነ ክብ ሞረድ ነው። የግራና የቀኝ ጥርሶች ርዝመት እኩል ካልሆነ መጋዙ አጣምሞ ይቈርጣል። ከግንዱ የሚወጣው ፍርፋሪ ከሆነ ጥርሱ ስል ነው፤ ዱቄት ከሆነ ደንዟል። የዛሬው ሰንሰለት ጥርስ አሠራር የአሜሪካዊው የጆሴፍ ኮክስ ሐሳብ ነው፤ በ1946 የአንድ ጥንዚዛ እጭ እንጨትን ግራና ቀኝ እየፈለቀቀ ሲበላ ተመልክቶ ነው የፈጠረው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ይመጣል። የመሪ ብረቱ ጫፍ የላይኛው ሩብ፣ ሰንሰለቱ እየዞረ ሳለ ጠንካራ ነገር የነካ እንደ ሆነ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ያዘው ሰው ፊት ይወረወራል። ሰው አይቶ እጁን ለመሰብሰብ ጊዜ አያገኝም። ከ1970ዎቹ ወዲህ በተሠሩት መጋዞች ላይ ከፊት እጀታው ፊት ያለው መከላከያ ሲገፋ ሰንሰለቱን ባንዳፍታ የሚያቆም ፍሬን ይገኛል፤ አሮጌው 070 ግን ይህ የለውም። ከዚህም በቀር እጀታው ያለ ጎማ በቀጥታ የታሰረ በመሆኑ መንቀጥቀጡ ለብዙ ጊዜ ከቀጠለ የጣቶችን የደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል። የቱንም ያህል ተጠንቅቀው ቢያድሱት ከፋብሪካ ያልተሰጠውን ፍሬን ሊሰጡት አይችሉም። ስለዚህ የሚሻለው ይህ ነው፤ የታደሰው መጋዝ ተቀምጦ የሚታይ፣ አልፎ አልፎም በምድር ላይ የተጋደመ ግንድ በአጭሩ የሚቈርጥ ይሁን፤ ዛፍ ለመጣልና የዘወትር ሥራ ለመሥራት ግን ፍሬን ያለው መጋዝ ይፈለግ። ለአጭሩም ሥራ ቢሆን የዐይንና የጆሮ መከላከያ፣ ጠንካራ ጫማና ለመጋዝ ሥራ የተሠራ ሱሪ ያስፈልጋል። ከትከሻ በላይም አይቈረጥበትም።

ሁሉ ነገር ተመርምሮ ካለቀ በኋላ ገመዱን የሚስቡበት ሰዓት ይደርሳል። ለ5 ሊትር አዲስ ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር የባለሁለት ምት ሞተር ዘይት ይቀላቅሉ፤ ይኸውም ሃያ አምስት እጅ ለአንድ ነው። መጋዙን በምድር ላይ አስቀምጠው የኋላ እጀታውን በእግር ረግጠው ያስነሡ። ሞተሩ ሲነሣ ነዳጅ መስጫውን ለቀው ያዳምጡ። ድምፁ ወዲያው ዝቅ ካላለ፣ ወይም ሳይነኩት ከፍ ከፍ ካለ፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ገና አለና አጥፍተው ወደ ሳሙናው ውኃ ይመለሱ። ሰንሰለቱ በዝግታ ጊዜ መዞር የለበትም፤ ከዞረ ወይ ዝግታው በዝቷል፣ ወይም የፍሪሲዮኑ ሞላ ደክሟል። ሲሠራም ጫፉን ወደ ነጭ እንጨት አስጠግተው በሰከንዶች ውስጥ የዘይት ነጠብጣብ መርጨቱን ይዩ፤ ካልረጨ የሰንሰለቱ ዘይት አልደረሰም ማለት ነው።

ሥራው ሲያበቃ ቤንዚኑን አፍስሰው በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩን ያሠሩት። ከቀዘቀዘ በኋላ ሰንሰለቱን ጥቂት ያላሉ፤ ካንዴላውን ነቅለው በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ያንጠባጥቡ፤ ገመዱንም ሁለት ጊዜ በዝግታ ስበው ካንዴላውን መልሰው ይግጠሙ።