ሐዴራ ስንት ወቅት አላት?

እስራኤል ውስጥ ለሕፃናት የሚሰጠው የዓመት ሥዕል አራት ክፍል አለው፤ አንዱ ላይ አበባ፣ አንዱ ላይ ፀሐይ፣ አንዱ ላይ የረገፈ ቅጠል፣ አንዱ ላይ ጃንጥላ። ለእንግሊዝ ገጠር ሥዕሉ ልክ ነው፤ እዚያ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ስለሚጥል ወቅትን የሚለየው ሙቀቱና የቀኑ ርዝመት ነው። የእስራኤሏ ከተማ ሐዴራ ላይ ግን ወቅት የሚለየው በውሃ ስለሆነ ዓመቷ ለሁለት እንጂ ለአራት አይከፈልም እላለሁ። ይህን ለማየትም ከጎንደር ወይም ከትግራይ ለመጣ ገበሬ ከዋርሶ ከመጣ ሰው ይልቅ ይቀለዋል። (እኛም ትምህርት ቤት መፀው፣ በጋ፣ ጸደይ፣ ክረምት እያልን ሸምድደናል፤ ደጋ ላይ የሚያርሰው ሰው ግን ኑሮውን የሚያቅደው በክረምትና በበጋ ነው።)

ሐዴራ ባለችበት የሻሮን ጠረፍ በዓመት ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። አብዛኛው ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ይወርዳል፤ ከጁን እስከ ኦገስት ጠብ አይልም ማለት ይቻላል። ጎንደር ላይ ዝናቡ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ የሚወርደውም በተቃራኒው፣ ሐዴራ በምትደርቅባቸው ወራት ነው። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እንቁጣጣሽና ሮሽ ሃሻና (የአይሁድ አዲስ ዓመት) በሚውሉበት ሰሞን ነው። በኢትዮጵያ ደጋ አደይ አበባ የሚፈነዳው መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ ነው። ሐዴራ ላይ የሚበቅለው ሐጻቭ የተባለ አበባ ግን ከመሬት ሥር ትልቅ ሽንኩርት የሚመስል ራስ አለው፤ ቅጠሉ በክረምት ያድግና ሙቀቱ ሲገባ ይደርቃል። ከዚያ በበጋው ማብቂያ፣ ዝናብ ካየ ወራት ያለፈው መሬት ላይ፣ አንድም ቅጠል ሳይኖረው ከሰው ወገብ የሚደርስ ቀጥ ያለ ዘንግ ያወጣል፤ ነጫጭ አበቦቹም ከታች ወደ ላይ ተራ በተራ ይከፈታሉ። አደይ ዝናብ ማለፉን ይናገራል፣ ሐጻቭ መምጣቱን።

«ታዲያ አቪቭ (ጸደይ) የሚባለውስ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን አበቦቹ መቼ እንደሚወጡ እንይ። ናርኪስ ገና በኖቬምበርና በዲሴምበር ያብባል። ሻኬድ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለውዝ የሚለው ዛፍ፣ ለቱ ቢሽቫት (ለዛፎች አዲስ ዓመት) ሰሞን ዝናቡ መሃል ላይ ነጭ ይለብሳል። ቀይዋ ካላኒት በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ትከተላለች፤ ሜይ ሲገባ ሣሩ ገለባ ሆኗል። ይህ ሁሉ የክረምቱ ሥራ ነው፤ ራሱን የቻለ ወቅት አይደለም። ለአራት ወቅት ከበድ ያለው ማስረጃ ከከተማዋ በስተደቡብ በሻሮን ፓርክ የሚገኘው አሎን ታቮር የተባለው ዛፍ ነው፤ እውነትም ቅጠሉን ያረግፋል። ሆኖም ራቁቱን የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ሳያበቃ እንደገና ይለመልማል። ከዛፉ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ በዚያ አካባቢ ያለው የክረምት ኩሬ ነው፤ በዝናብ ይሞላል፣ በበጋ ጭቃው ይሰነጠቃል፣ የጥቃቅን ፍጥረታቱ እንቁላል ደግሞ እዚያው ደረቅ ጭቃ ውስጥ የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል።

ወሩ ከተገለበጠ የጎንደሩ ልምድ ምን ይረባል የሚልም ይኖራል። የቤተ እስራኤልን በዓል ስግድን እንውሰድ። በአይሁድ አቆጣጠር በሔሽቫን ወር 29፣ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል፤ እስራኤል ውስጥ በ2008 (እ.ኤ.አ.) በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል። በጎንደር ተራራ የሚወጣው ዝናቡ አባርቶ፣ እህሉ በሚደርስበት ጊዜ ነበር። በኢየሩሳሌም ግን ስግድ ሲደርስ የዝናብ ልመናው ከሔሽቫን 7 ጀምሮ በጸሎት ውስጥ ገብቷል። ቀኑ ያው ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት ሌላ ነው። ዓመትን በውሃ የመለካቱ ልማድ ግን እዚህም ይሠራል፤ የሚቀየረው ወሩ ብቻ ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ከተሜ ወቅት የለውም። ሐዴራ ራሷ ተፈጥሮን ተጋፍታ የተሠራች ናት፤ በ1891 ስትመሠረት ረግረጉና ወባው ብዙ ሰው ፈጅቷል፤ ቦይ ተቆፈረ፣ ባሕር ዛፍ ተተከለ፤ አዲስ አበባም በምኒልክ ዘመን ለማገዶ የተከለችው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ማዝጋን (አየር ማቀዝቀዣና ማሞቂያ) ያለበት ቤት ኦገስትንና ጃንዋሪን እኩል ያደርጋቸዋል። ግን ለዚያ ማዝጋን መብራት ከሚያመርቱት አንዱ የሆነውን የኦሮት ራቢን ኃይል ማመንጫ እንመልከት። ሙቅ ውሃውን በሐዴራ ወንዝ አፍ አጠገብ ወደ ባሕር የሚለቀው በጋ ከክረምት ነው፤ ሻርኮች በብዛት የሚሰበሰቡበት ግን ባሕሩ ሲቀዘቅዝ፣ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ገደማ ነው። በኤፕሪል 2025 አንድ ዋናተኛ እዚያ በሻርክ ተነክሶ ሞተ። ሰማዩ በጋ ቢመስልም ሻርኮቹ ገና በክረምቱ ሒሳብ ላይ ነበሩ።