ጠርቶ የሚታይ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

 

ዛሬ እስቲ ከጥያቄ እንነሣ። የጉድጓድ ውሃ ጠርቶ ከታየ፣ ካልሸተተና ካልመረረ ንጹሕ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ናይትሬት የሚባል ነገር አለ፤ በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፣ ስንጠጣውም አይታወቅም።

ከየት ይመጣል? ከከብት ፍግ፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከማዳበሪያ ነው። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ጤፉና ስንዴው የሚችሉትን ያህል ይወስዳሉ። የቀረው አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለወጥና ከክረምቱ ዝናብ ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር ውሃ 50 ሚሊግራም ነው። በአዲስ አበባ በአንዳንድ ምንጮችና ጉድጓዶች ከዚህ በላይ ተገኝቷል፤ አንዱ ምክንያት ከመጸዳጃ የሚሰርገው ፍሳሽ ነው።

ጉዳቱ የሚብሰው ስድስት ወር ባልሞላው ሕፃን ላይ ነው፤ ይልቁንም በውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት በሚጠጣው ላይ። ናይትሬቱ ሆዱ ውስጥ ወደ ናይትራይት ይለወጥና ደሙ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ያን ጊዜ የሕፃኑ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ካልታከመም ሊሞት ይችላል። ይህን በሽታ ከጉድጓድ ውሃ ጋር አያይዞ በ1945 እ.ኤ.አ. የጻፈው ሀንተር ኮምሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው።

«እኛ እኮ አፍልተን ነው የምናጠጣው» ትሉ ይሆናል። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ይሄ መልካም ነው፣ አትተዉት። ናይትሬትን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲያንስ፣ በቀረው ውስጥ ናይትሬቱ ይበረታል። በጨርቅ ማጥለልም፣ ክሎሪን መጨመርም አያወጣውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ።

ሁለተኛ፣ መጸዳጃና በረት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁ፤ ከጉድጓዱም በታች እንጂ በላይ አይሁኑ።

ሦስተኛ፣ ፍግ በጉድጓድ አፍ አጠገብ አይከመር። ማዳበሪያም ሰብሉ በሚፈልግበት ጊዜ፣ በልኩና ከፍሎ ይበተን።

አራተኛ፣ የጉድጓዱ ውሃ በመሣሪያ እንዲመረመር ጤና ጣቢያውን ወይም የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት በጋራ ጠይቁ።

አምስተኛ፣ የሕፃን ከንፈር ሲጠቁር ካያችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

አበው ሲተርቱ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ይህን ማንበብ የቻለ፣ ላልቻለው ጎረቤቱ ያንብብለት። ቸር ያቆየን።