የ3 ሊትሩ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር፤ መግለጫው፥ የታወቁ ጉድለቶቹና ከሌሎች ሞተሮች ጋር ያለው ተስማሚነት

በአገራችን በጭነትና በመንገደኛ አገልግሎት ላይ ከተሰማሩት ቀላል መኪናዎች መካከል፥ የቶዮታ ሥራ የሆኑት ሂላክስ፥ ላንድክሩዘር ፕራዶና ሃይስ የያዙት ስፍራ ከፍ ያለ መሆኑን ማንኛውም ነጋዴ የሚያውቀው ነው። ቡናውን ከገጠር መጋዘን የሚያሰባስበው ላኪ፥ የሕንፃ ሥራ ተቋራጩ፥ ዕቃ አከፋፋዩና አስጎብኚው ሁሉ በእነዚሁ መኪናዎች ይገለገላሉ። በ2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ፥ ቀድሞ የገባውን የናፍጣ መኪና ጠብቆ ማቆየት ከበፊቱ ይልቅ የሚታሰብበት ጉዳይ ሆኗል። አሮጌውን ሽጦ በአዲስ መተካት በቀላሉ የማይሆንለት ባለንብረት፥ ሞተሩ በተሰበረ ጊዜ የሚቀርለት ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ይኸውም ሞተሩን ማሳደስ ወይም ያገለገለ ሞተር ገዝቶ ማስገጠም ነው። በሁለቱም መንገድ ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ ባለማወቅ የሚወጣው ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፥ በእነዚህ መኪናዎች ላይ በብዛት ስለሚገኘው 1ኬዲ-ኤፍቲቪ ስለ ተባለው ሞተር ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን። ልናስገነዝብ የምንፈልገውም በአጭር ቃል ይህ ነው፤ ይህን ጠንካራ ሞተር ከሚያጠፉት ነገሮች ዋናው በጊዜው ያልተለወጠ አነስተኛ ዕቃ ነው፤ ገዢውንም ለኪሣራ የሚዳርገው «3 ሊትር ነው» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ መግዛቱ ነው።

የሞተሩ መግለጫ

1ኬዲ-ኤፍቲቪ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በፕራዶ ላይ የተገጠመ፥ ኋላም በሂላክስ፥ በፎርቹነርና በሃይስ ላይ የዋለ ሞተር ነው። ፒስተኖቹ በአንድ መሥመር የተሰለፉ 4 ናቸው። የሲሊንደሩ ስፋት 96 ሚሊ ሜትር፥ የፒስተኑ ምልልስ 103 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ ጠቅላላ ይዞታው 2,982 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። በቴስታታው ላይ 16 ቫልቮችና ሁለት የካም ዘንጎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች አየሩን የሚያምቁበት መጠን 17.9 ለ1 ነው። ጉልበቱ እንደ መኪናው ዓይነትና እንደ ተሠራበት ዘመን ይለያያል፤ ሆኖም በአብዛኛው ከ160 የፈረስ ጉልበት በላይ ነው፤ የመጠምዘዝ ኃይሉም እስከ 410 ኒውተን ሜትር ይደርሳል።

የስሙ ፊደሎች ትርጉም አላቸው። «1ኬዲ» የሞተሩን ቤተሰብ ያመለክታል፤ «ኤፍ» የሁለቱን የካም ዘንጎች አሠራር፥ «ቲ» ቱርቦ ያለው መሆኑን፥ «ቪ» ደግሞ ናፍጣው ኮመን ሬይል በሚባለው የጋራ ቧንቧ አማካይነት የሚረጭ መሆኑን ያስረዳል። በዚህ ዘዴ ፓምፑ ናፍጣውን ከ1,300 ባር በላይ ሊደርስ በሚችል ግፊት በአንድ ወፍራም ቧንቧ ውስጥ ያከማቻል፤ አራቱ ኢንጀክተሮችም በኤሌክትሪክ ትእዛዝ እየተከፈቱ ናፍጣውን በቀጥታ በፒስተኑ አናት ላይ ይረጫሉ። ሞተሩ ከቀደሙት ይልቅ ናፍጣ የሚቆጥበውና በጸጥታ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ግፊቱ ይህን ያህል የበረታ ስለ ሆነ፥ ቆሻሻም ሆነ ውኃ የተቀላቀለበትን ናፍጣ ከቶ አይታገሥም።

የቱርቦው ጥቅም በደጋ አገር ይበልጥ ይታወቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ ጉልበቱ በግልጽ ይቀንሳል። ቱርቦ ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉድለት ያካክሳል፤ ለዚህም በበለጠ ፍጥነት መሽከርከር አለበት። በዚህ ምክንያት በደጋ የሚሠራ ቱርቦ ንጹሕ ዘይት የሚያሻው ከቆላው ይልቅ ነው። ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ወይም ወደ ደጀን ጭኖ የወጣ መኪናም፥ ቆሞ ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ያህል በዝግታ እንዲሠራ ሊተው ይገባዋል።

የታወቁ ጉድለቶች

አንደኛውና ዋናው ጉድለት የሚመነጨው ከኢንጀክተሮቹ መቀመጫ ነው። በእያንዳንዱ ኢንጀክተር ጫፍ ሥር አንዲት የመዳብ ቀለበት ትገኛለች። ቀለበቲቱ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት መያዝ ባቃታት ጊዜ፥ የቃጠሎው ጋዝ በጎኗ እያፈተለከ ወደ ላይ ይወጣና ከሞተሩ ዘይት ጋር ይገናኛል። ጥላሸቱ ዘይቱን እያወፈረ እንደ ዝፍት ያደርገዋል፤ ቅርፊት የሆነውም ካርቦን ወደ ታች ወርዶ፥ የዘይት ፓምፑ በሚስብበት ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ወንፊቱ በተደፈነ ጊዜ ዘይት ወደ ላይ መውጣቱ ይቀራል፤ ቱርቦውና የዘንጉ መቀመጫዎች በድርቀት ይበላሉ፤ ሞተሩም ይነክሳል። እንግዲህ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊሠራ የሚችል ሞተር የሚጠፋው በአራት ቀለበቶች ምክንያት ነው፤ የእነዚህም ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ቢመዛዘን ከምንም የሚቆጠር አይደለም።

የዚህ ጉድለት ምልክቶች የሚሰወሩ አይደሉም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ከቴስታታው በኩል ትፍ ትፍ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በኢንጀክተሮቹ ዙሪያ ጥቁር ዝፍት የመሰለ ነገር ይታያል፤ አዲስ የተለወጠ ዘይት በጥቂት ቀን ውስጥ ወፍሮ ይጠቁራል፤ የዘይት ግፊት መብራትም ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ለመጥፋት ይዘገያል። መብራቱ የዘገየበት መኪና አንድ ቀን እንኳ ሊነዳ አይገባውም። የታችኛው የዘይት ቋት ወርዶ ወንፊቱ መታየት፥ ቀለበቶቹም መለወጥ አለባቸው። ኢንጀክተር በተፈታ ቁጥር ቀለበቱ በአዲስ መተካት ይኖርበታል፤ አሮጌውን መልሶ ማሰር ቁጠባ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው የኢንጀክተሮቹ የራሳቸው ማርጀት ነው። ያረጀ ኢንጀክተር ናፍጣውን አለመጠኑ ወይም አለጊዜው ይረጫል፤ ሞተሩም እንደ መዶሻ ያንኳኳል። ይህ ሲቆይ የፒስተኑ አናት ከልክ በላይ እየጋለ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፒስተኑ በተሰነጠቀ ጊዜ ከዘይት መሙያው ክዳን በኩል ብዙ ጋዝ በኃይል ይወጣል። ጉዳዩ ከዚህ ሳይደርስ መካኒኩ የመመርመሪያውን መሣሪያ አገናኝቶ፥ በሞቀና በዝግታ በሚሠራ ሞተር ላይ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ማስተካከያ መጠን ማንበብ ይችላል። መጠኑ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከ3 ሚሊ ሜትር ኩብ ካለፈ፥ ያ ኢንጀክተር ሊመረመር ይገባዋል።

ሦስተኛው የናፍጣ ፓምፑን የሚመለከት ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ድምፁ ከፍና ዝቅ እያለ ቢዋልል፥ ወይም በጉዞ ላይ ሳይታሰብ ቢጠፋ፥ ብዙ ጊዜ ፓምፑ ሞቷል ተብሎ በሙሉው እንዲለወጥ ይታዘዛል። ነገር ግን ችግሩ በፓምፑ ላይ የተሰካችው፥ የናፍጣውን መጠን የምትቈጣጠረው ቫልቭ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ይህች ለብቻዋ የምትሸጥ ስለ ሆነች፥ ባለንብረቱ የፓምፕ ዋጋ ከመክፈሉ በፊት እርሷ መመርመሯን ሊጠይቅ ይገባል። ናፍጣ ከበርሜልና ከጄሪካን በሚቀዳበት ስፍራ የሚሠራ መኪናም የናፍጣ ፊልትሮው በጊዜው መለወጥ፥ የተጠራቀመውም ውኃ መፍሰስ አለበት።

አራተኛው የካም ዘንጉን የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ ነው። በብዙ አገሮች የፋብሪካው መመሪያ ቺንጋው በየ150,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲለወጥ ያዝዛል፤ ጊዜው ሲደርስም በመኪናው ሰሌዳ ላይ መብራት ይበራል። ይሁን እንጂ መብራቱ ኪሎ ሜትር ቈጣሪ እንጂ የቺንጋውን ድካም የሚያውቅ አይደለም። ቺንጋው ሳይለወጥ መብራቱን ብቻ ያጠፋ ሰው ኋላ የሚመጣውን ገዢ ያታልላል። ቺንጋው በተበጠሰ ጊዜ ፒስተኖቹና ቫልቮቹ ይጋጫሉ።

አምስተኛው የጭሱን ክፍል መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቫልቭ የሚያመጣው ጥላሸት ነው። ይህ በአየር ማስገቢያው ውስጥ እየደረቀ መንገዱን ያጠባል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል፤ ጥቁር ጭስም ይበዛል። ፈትቶ ማጽዳት በቂ ነው።

ከሌሎች ሞተሮች ጋር ስላለው ተስማሚነት

በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ የመለዋወጫ ገበያ ሞተር የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው «የፕራዶ 3 ሊትር» የሚለውን ቃል ነው። ይህ ቃል ግን ሁለት የተለያዩ ሞተሮችን ይመለከታል። ከ1ኬዲ በፊት የነበረው 1ኬዜድ-ቲኢ የሲሊንደሩ ስፋት 96፥ ምልልሱም 103 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፥ ይዞታው ያው 2,982 ነው። አሠራሩ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ናፍጣው በቀጥታ በፒስተኑ ላይ ሳይሆን በቴስታታው ውስጥ ባለ ትንሽ ክፍል ይረጫል፤ የካም ዘንጉ አንድ፥ ቫልቮቹም 8 ናቸው፤ አየሩንም የሚያምቀው 21.2 ለ1 ነው። ስለዚህ የአንዱ ቴስታታ፥ ፒስተን፥ ፓምፕ፥ ኢንጀክተርና የኤሌክትሪክ መቈጣጠሪያ ለሌላው አይሆንም።

በሂላክስና በሃይስ ላይ የሚገኘው 2ኬዲ-ኤፍቲቪ ደግሞ የ1ኬዲ ታናሽ ወንድም ነው ሊባል ይቻላል። አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ ነገር ግን ስፋቱ 92፥ ምልልሱ 93.8 ሚሊ ሜትር፥ ይዞታውም 2,494 ነው። ፒስተኑና የሚዞረው ዘንግ የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲሱ ሂላክስና በፕራዶ ላይ የመጣው 1ጂዲ-ኤፍቲቪም ይዞታው 2,755 ሲሆን፥ በጎማ ቺንጋ ፈንታ በሰንሰለት የሚሠራ ሌላ ሞተር ነው።

1ኬዲ በ1ኬዲ ሲተካ እንኳ ጥንቃቄ ያሻል። የፕራዶውና የሂላክሱ ሞተር በዘይት ቋቱ፥ በአየር ማቀዝቀዣው አቀማመጥና በሽቦው ሊለያዩ ይችላሉ፤ የቀደሙትና የኋለኞቹ ዘመናት ኢንጀክተሮችም አንድ አይደሉም። ስለዚህ ገዢው ከሞተሩ ጋር ተያያዥ ዕቃዎቹን አብሮ ቢወስድ፥ የመኪናውንም ዓይነትና ዘመን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጃል። በኢንጀክተሮቹ ላይ የተጻፈ የማስተካከያ ቁጥር ካለ፥ ወደ መቈጣጠሪያው መግባት አለበት፤ ይህ ካልተደረገ ደኅናው ኢንጀክተር እንደ ተበላሸ ሆኖ ይሠራል።

ከመካኒኩ ሥራ ሌላ የሰነድም ጉዳይ አለ። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የሚጻፍ ስለ ሆነ፥ ገዢው በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና ከሽያጩ ደረሰኝ ጋር ማመሳከር፥ ለውጡንም ለሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማስመዝገብ ይኖርበታል። ሰነድ የሌለው ሞተር በርካሽ ቢገዛም፥ መኪናው በሚሸጥበት ወይም የዓመት ምርመራ በሚደረግበት ቀን ዋጋውን አጥፎ ያስከፍላል።

ለባለንብረቱ የሚሰጥ ምክር

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው፥ የሚቻል ከሆነ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሣ ይስማው፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ዝፍትና ቅርፊት መኖሩን ይመልከት፤ ከመገጠሙ በፊትም የዘይት ቋቱን አስወርዶ ወንፊቱን ያሳጽዳ፥ አራቱን ቀለበቶችና ቺንጋውን በአዲስ ይተካ። ሞተሩ ከመኪናው ውጭ ሳለ ይህ ሥራ ቀላል ነው። በአቧራማና በዳገታማ መንገድ ጭኖ የሚሠራ መኪናም ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቢለወጥ መልካም ነው። የመኪና ብዛት ያለው ድርጅት ደግሞ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ መዝገብ ከፍቶ፥ ዘይቱ፥ ፊልትሮው፥ ቺንጋውና ቀለበቶቹ የተለወጡበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ያስጽፍ። ሾፌሩ ቢለወጥ፥ መካኒኩ ቢለወጥ፥ መዝገቡ ይናገራል።

አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። 1ኬዲ በተፈጥሮው ደካማ ሞተር አይደለም፤ በአያያዝ የሚቀደድ ሞተር ነው። መኪናው በቆመ ቁጥር የሚቆመው የነጋዴው ሥራ መሆኑን የሚያስብ ባለንብረት፥ ለአራቱ ቀለበቶች የሚያወጣውን ጥቂት ገንዘብ ከወጪ ሳይሆን ከካፒታሉ ጥበቃ ይቈጥረዋል።