የመዋኛ ገንዳን ውሃ ያለ አደጋ ስለ ማጕደል

በብርቱ ዝናም ጊዜ የቤት መዋኛ ገንዳ ከመጠን በላይ ሲሞላ፥ ውሃውን ጨርሶ ማፍሰስ የሚሻል የሚመስለው ሰው አይታጣም። እኛ ግን አይሻልም እንላለን። ዝናሙ በገንዳው ዙሪያ ያለውንም ዐፈር ያረሰርሰዋልና፥ የከርሰ ምድር ውሃ ገንዳውን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህን ግፊት ለመቋቋም የሚረዳው በገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ክብደት ነው፤ 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። ገንዳው ባዶ ከሆነ ግን እንደ ጀልባ ተነሥቶ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስለዚህ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እናጕድል። ለዚህም የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይበቃል። ጎማውን ውሃ ሞልተን ሁለቱን ጫፎች እንደፍናለን፤ አንዱን ጫፍ ገንዳው ውስጥ አጥልቀን፥ ሁለተኛውን ከገንዳው ውሃ ዝቅ ካለ ስፍራ አኑረን ብንከፍታቸው፥ ውሃው በራሱ ይወርዳል። የውስጡን ጫፍ በምንፈልገው ከፍታ ላይ ብናስረው፥ ውሃው እዚያ ሲደርስ አየር ገብቶ ፍሰቱን ያቋርጠዋል።

8 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ገንዳ በ10 ሳንቲሜትር ሲጐድል 3,200 ሊትር ውሃ ይወጣል። እንግዲህ መውረጃው ወደ ቤቱ መሠረት ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳያመራ፥ ሕፃናትም ወደ ገንዳው እንዳይቀርቡ መጠንቀቅ ይገባናል።