ያውቁ ኖሯል? በሙያተኞች አንደኛ፣ በሰልፍ ተቀያሪ

ጥር 11 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በሚከበርበት ዕለት፣ የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ ኤን.ቢ.ኤ. የኮከቦች ጨዋታውን ቋሚ ተሰላፊዎች ይፋ አደረገ። ቀድሞ ቋሚዎቹን የሚመርጠው ደጋፊው ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ደንቡ ተለወጠ፤ ደጋፊው ግማሹን ድምፅ፣ ተጫዋቾችና ጋዜጠኞች ሩብ ሩቡን ያዙ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በደጋፊው የተገኘው ደረጃ በ2 ይባዛል፣ የሌሎቹ ሁለት ይደመሩበታል፣ ድምሩ ለ4 ይካፈላል። ያነሰ ቁጥር ያለው ያልፋል።

እስቲ እርሳስ ያንሡ። በምዕራቡ ምድብ ለሁለት የጋርድ ቦታ ሦስት ሰዎች ተፋጠጡ። ስቴፈን ከሪ በደጋፊ 1ኛ፣ በተጫዋቾችም በጋዜጠኞችም 3ኛ፤ ውጤቱ 2። ጄምስ ሃርደን በሁሉም 2ኛ፤ ውጤቱ ያው 2። ራስል ዌስትብሩክ በደጋፊ 3ኛ፣ በሁለቱ ሙያተኞች 1ኛ፤ እሱም 2!

እኩል ሲመጡ የሚለየው የደጋፊው ድምፅ ነውና ዌስትብሩክ (ምስኪን!) ተቀያሪ ሆነ። ታዲያ በጨዋታው ዕለት ከተቀያሪ ወንበር ተነሥቶ 41 ነጥብ አስቆጠረ፤ የዚያ ውድድር ዘመን የሊጉ ኮከብ ተጫዋችም እሱው ነበር።