የቡና አበባ ስለ ምን ይፈካል?

በጅማና በአጋሮ አካባቢ የካቲት ወይም መጋቢት ሲገባ፥ የቡናው ደን በረዶ እንደ ወረደበት ነጭ ሆኖ ያድራል፤ መዓዛውም መንገደኛውን ያቆማል።

ብዙዎች ይህን የዝናብ ሥራ ብቻ ያደርጉታል፤ ዳሩ ግን ድርቅ ያልቀደመው ዝናብ አያስፈካም። እንቡጡ አስቀድሞ በቅርንጫፉ ላይ ያንቀላፋል፤ የበጋው ጥማት ካዘጋጀው በኋላ ደኅና ዝናብ ሲያገኝ በ10 ቀን ገደማ ይፈካል፥ በ2 ወይም በ3 ቀንም ይጠወልጋል። ስለዚህ የጓሮዋን ቡና በጋውን ሙሉ የምታጠጣ እመቤት፥ ትጋቷ ቢመሰገንም፥ ቅጠል እንጂ ብዙ አበባ አታይም።

የሚያሠጋው ዝናቡ ተቈራርጦ የሚመጣበት ዓመት ነው። አበባው በየተራ ስለሚፈካ፥ ከ7 እስከ 9 ወር ቈይቶ ፍሬውም በየተራ ይቀላል፤ አንዱ ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ መለቀም አለበት። ጉልበት ያጠረው ቤተ ሰብ ግን አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ይሸመጥጣል፥ ዋጋውም ይወድቅበታል።