«ሲሻለው ይወጣል»፦ ስለ አእምሮ እድገት ውስንነት የሚነገረው ተረትና እውነታው

ኦቲዝም ወይም ሌላ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ካለበት ቤት የገባ ጎረቤት፣ ቡናውን ጠጥቶ ሲነሳ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ «እግዜር ይማርልሽ» ነው። ቃሉ ከልብ የወጣ ነው፤ ክፋት የለበትም። ልብ ብሎ ላዳመጠው ግን አንድ ሙሉ እምነት አዝሏል። ልጁ ታሟል፤ የታመመ ሰው እስኪሻለው ይተኛል፤ ሲሻለው ይወጣል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ የሚያዘው እንዲህ ነው፤ ትክክልም ነው። ኦቲዝምና ዳውን ሲንድሮም ግን ተኝተው የሚያሳልፏቸው ሕመሞች አይደሉም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ «ሲሻለው»፣ ቤተ ክርስቲያኑ «ሲሻለው»፣ የአክስቱ ልጅ ሰርግም «ሲሻለው» እየተባለ ልጁ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ይሞላዋል። ስለነዚህ ልጆች የሚነገረው ተረት ብዙ ነው፤ እርግማን ነው፣ የእናት ጥፋት ነው፣ አይማሩም፣ አይሠሩም ይባላል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ይህ ቅደም ተከተል ነው እላለሁ፤ መጀመሪያ መዳን፣ ከዚያ ከሰው መቀላቀል። በእጃችን ያለው ማስረጃ የሚለው የዚህን ግልባጭ ነው። ልጁ የሚሻሻለው ከሰው ጋር ሲውል ነው።

በ2016 የታተመ አንድ ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የእድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ሕክምና የመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። 40.2 በመቶዎቹ ምክንያቱ መንፈስ ነው ሲሉ፣ 27.5 በመቶዎቹ የኃጢአት ውጤት ነው ብለዋል። እነዚህ እንግዲህ ሐኪም ቤት ድረስ የመጡት ናቸው። 45.1 በመቶዎቹ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል፤ ከአራት አንድ የሚበልጡት ደግሞ ነገሩን ከሰው ለመደበቅ ይጥራሉ። የሚገርመው፣ ይህ የመገለል ስሜት በአሳዳጊው የትምህርት ደረጃ የሚለያይ ሆኖ አልተገኘም። «የሚያፍረው ያልተማረ ሰው ነው» የሚለውም እንግዲህ ራሱን የቻለ ተረት ነው። የተማረው ዓለምም ቢሆን በዚህ የሚኩራራበት ታሪክ የለውም። ሊዮ ካነር በ1943 ኦቲዝም ያለባቸውን 11 ልጆች ለሕክምናው ዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ ብሩኖ ቤተልሃይምን የመሰሉ ስመ ጥር ሰዎች ለዓመታት ጥፋቱን ፍቅር ነፈገች በተባለች እናት ላይ ሲጭኑ ኖረዋል። ሰዎቹ ከእኛ ሰፈር አሽሟጣጭ የሚለዩት ጋውን በመልበሳቸው ብቻ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ክፉኛ ያናጋው በ1977 የወጣ የመንትዮች ጥናት ነው። ከአንድ እንቁላል ከተገኙ 11 ጥንዶች በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከተለያየ እንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም እንዲህ አልሆነም። በሁለቱም ዓይነት እያንዳንዱን ጥንድ ያሳደገችው አንዲት እናት ናትና፣ ልዩነቱ ከአስተዳደግ ሳይሆን ከውርስ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው። የዳውን ሲንድሮም ምክንያት ደግሞ በ1959 ታውቋል፤ 21ኛው ክሮሞሶም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኖ መገኘቱ ነው። ኦቲዝምን ያመጣል ብሎ ክትባትን የሚከስሰው ወሬ የተነሳው በ1998 በ12 ልጆች ላይ ከወጣ አንድ ጽሑፍ ሲሆን፣ ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። በ2019 ዴንማርክ ውስጥ ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናትም አንዳች ግንኙነት አላገኘም። መከላከል የሚቻል ምክንያት የለም ማለት ግን አይደለም። በወሊድ ጊዜ የሚያጋጥም መታፈን፣ ሳይታከም የቆየ የጨቅላ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር፣ በእርግዝና ወቅት የአዮዲን እጥረት፣ እነዚህ ሁሉ የልጅን አእምሮ ይጎዳሉ። ኢትዮጵያ በ2011 ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ያስገደደችውም ለዚሁ ነው። ይህ ግን ገና ያልተወለዱትን ይጠብቃል እንጂ የተወለደውን ልጅ ቤት አስቀምጡት አይልም።

እዚህ ላይ የጠበል ጥያቄ ይነሳል፤ ሸሽቶ ማለፍም አይገባም። እናት ልጇን ጠበል መውሰዷ ስህተት ነው የሚል ሰው ምክሩን የሚሰማው አያገኝም፤ መሰማትም ያለበት አይመስለኝም። ለብዙ ቤተሰብ ጠበሉ ልጁ ከቤት የሚወጣበት ብቸኛው አጋጣሚ ነው። ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከእድገት ውስንነት ጋር የሚጥል በሽታ ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ይገኛል፤ ለዚህ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ዋጋው ርካሽ ነው፤ ባንድ ጊዜ ከተቋረጠ ግን አደገኛ ግርሻ ያመጣል። «ጠበሉ ከመድኃኒት ጋር አይሄድም» የሚለው አነጋገር የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ይህ ጉዳይ ለቤተ ክርስቲያኒቱ እንግዳ አይደለም። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ተመሳሳይ ክርክር ተነስቶ፣ የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። መንገዱ እንግዲህ የተጠረገ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ «ከሰው ጋር ሲውል ይሻሻላል» ሲባል ምን ማለት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች የሚሠለጥኑበት መርሐ ግብር አለው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም አዲስ አበባና ቡታጅራ ላይ ከአገሩ ጋር ተስማምቶ ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው፤ የሚሰጡትም ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። ትምህርቱ ተአምር የለበትም፤ የተሠራው ከቤት ውስጥ ውሎ ነው። ሹራብ መልበስን እንውሰድ። እናት አንገቱን አስገብታ፣ ሁለት እጆቹን በእጅጌው አሾልካ፣ ሆዱ ላይ የተጠቀለለውን ጠርዝ ወደ ታች መሳቡን ብቻ ለልጁ ትተዋለች። ያቺን ሲስብ ታሞግሰዋለች። እሷን ሲለምድ አንዱን እጅጌ ትጨምርለታለች፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ከመጨረሻው ተጀምሮ ወደ መጀመሪያው ይኬዳል፤ ምክንያቱም ልጁ በየጊዜው ሥራውን ራሱ ጨርሶ ይነሳል። ለማይናገር ልጅም እንዲሁ ነው። ሲያለቅስ ዳቦውን ቶሎ አፉ ውስጥ ከመክተት ይልቅ፣ ዳቦና ሙዝ በሁለት እጇ ይዛ ዐይኑ ወይም ጣቱ ወደ አንዱ እስኪሄድ ትጠብቃለች። ያቺ ጥበቃ ለእናት ከባድ ናት፤ የልጅ ለቅሶ አንጀት ይበላል። ጣቱ ወደ ሙዙ የሄደ ዕለት ግን ልጁ አንድ ነገር ጠይቆ አግኝቷል፤ ይህም ንግግር ነው። አሁን ይህን ሁሉ ከተቆለፈ ክፍል ጋር እናስተያየው። ብቻውን ለተቀመጠ ልጅ የሚመርጠውን የሚይዝለት የለም፤ የሚኮርጀው እኩያም የለም። በመጨረሻ «አየሽ፣ ምንም አያውቅም» ይባላል፤ ያላስተማርነውን ፈትነን ጣልነው ማለት ነው።

«ይህ የማዕከል ሥራ ነው፤ ሰፈር ምን ያውቃል?» የሚለው ተቃውሞ የሚመጣው ከደጋግ ሰዎች ነው። ማዕከላቱን ማሳነስ ነውር ይሆናል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው ማግኘት ብርቅ ነበር፤ ቃሉን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ያወጡትም በአብዛኛው እሳቸውና ከእሳቸው በኋላ የመጡት እንደ ነህምያ ያሉ ማዕከላት ናቸው። ነገር ግን አገልግሎቱ አዲስ አበባ ላይ የተከማቸ ሲሆን ከሕዝቡ አብዛኛው የሚኖረው ገጠር ነው። ወደ ገጠሩ ቤት በእግሯ የምትደርሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። መርሐ ግብሩ በ2003 ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሠራተኛ ታስቦ ነው፤ ዛሬ በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ስለ ልጆች እድገትና ኦቲዝም ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱት፣ ካልወሰዱት ይልቅ ለልጆቹ ያላቸው አመለካከት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በእርግጥ እሷም ክትባቱ፣ ቅድመ ወሊዱ፣ መጸዳጃ ቤቱ ሁሉ ጫንቃዋ ላይ ነው፤ ሌላ ሸክም መጨመር በዋዛ የሚታይ አይደለም። እሷ ልትሠራው የሚገባት ግን ሕክምና ሳይሆን ጓዳ የተቀመጠውን ልጅ አይታ፣ «እርግማን አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ብላ መናገር ነው። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ዩኒፎርም ከለበሰች ሴት ሲወጣ ክብደቱ ይለያል።

ከሁሉም የጠነከረው ተቃውሞ የትምህርት ቤቱ ነው። ስልሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ጨምሮ «አካቶ ትምህርት» ማለት መምህሩንም ልጁንም መበደል ነው ይባላል። እውነት ነው። ልጁን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ መርሳት ማካተት አይደለም፤ ግድግዳው የማይታይ እስር ነው። ከዚህ እውነት ግን «ስለዚህ ቤት ይቅር» የሚል መደምደሚያ አይወጣም። ጣሊያን በ1977 በሕግ ልጆቹን ወደ መደበኛ ክፍል ስታስገባ በሩን ከፍታ ብቻ አልተወችም፤ ደጋፊ መምህር መደበች፣ እነሱ የሚማሩበት ክፍል ከ20 ተማሪ እንዳይበልጥም ወሰነች። እኛ ሃያ ተማሪ ያለበት ክፍል የለንም። የኢትዮጵያ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ የመረጠው መንገድ ግን ለአቅማችን ይቀርባል፤ በአንድ ትምህርት ቤት የድጋፍ ማዕከል አቋቁሞ የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች በሠለጠነ መምህርና በመርጃ መሣሪያ ማገልገል ነው። በዚያው በ102 አሳዳጊዎች ጥናት ላይ ወላጆቹ ከምንም በላይ የጎደለን ነው ያሉት ምን እንደሆነ ማየትም ይጠቅማል። 47.1 በመቶዎቹ ሕክምና ሲሉ 74.5 በመቶዎቹ ትምህርት ብለዋል። ቅደም ተከተሉን ወላጆቹ አስቀድመው ገልብጠውታል።

«ዕድሜ ልኩን ሕፃን ነው» የሚለውን ቶሎ ልለፈው፤ ቁጥሩ ይመልሰዋል። አሜሪካ ውስጥ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ በ1983 ወደ 25 ዓመት ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። ክሮሞሶሙ አልተለወጠም። የተለወጠው የልብ ቀዶ ሕክምናው፣ ከዚያም ልጆቹ ከተዘጉ ተቋማት ወጥተው ከቤተሰብ ጋር መኖራቸው ነው። ስልሳ ዓመት የሚኖር ሰው ሥራ ይፈልጋል። ቬርሞንት የተባለችው ግዛት ለእነሱ ብቻ ተከልለው የነበሩትን የሥራ ቦታዎች የመጨረሻውን በ2002 ዘግታ፣ ሰዎቹን በመደበኛ መሥሪያ ቤት አጠገባቸው ሆኖ ሥራ የሚያለማምድ ሰው መድባ ወደ መቅጠር ዞራለች። እኛም ዘንድ አዋጅ ቁጥር 568/2008 አሠሪ በአካል ጉዳት ምክንያት እንዳያዳላ፣ የሥራውን ሁኔታም እንዲያመቻች ያስገድዳል። ሕጉ አለ፤ በተግባር ግን «አካል ጉዳተኛ» ሲባል ለብዙ ቀጣሪ ዐይኑ ላይ የሚመጣው ዊልቸር ብቻ ነው። ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ መደበቅ አገር ሲቀየርም እንደማይቀር በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል። ሜሪላንድና ቨርጂንያ ለእነዚህ ልጆች ሜዲኬይድ ዌቨር በተባለ የመንግሥት ድጋፍ በኩል የቤት ውስጥ ረዳት ይሰጣሉ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ስም ማስመዝገብ ያፈረ ቤተሰብ ደግሞ ወረፋው ውስጥም አይገባም።

በመጨረሻ የሚቀረው የቁልፉ ጉዳይ ነው። ልጇን ቆልፋ የምትወጣ እናት ጨካኝ ናት የሚለው ፍርድ ራሱ ከተረቶቹ አንዱ ነው። ልጁ መኪና አያይም፣ ሮጦ ይጠፋል፣ ሴት ልጅ ከሆነች የሚደርስባት ይታወቃል፤ እናቲቱ ደግሞ እንጀራ ሸጣ ነው የምታድረው። ቁልፉን የያዘችው በር ላይ የሚቆምላት ሰው ስላጣች ነው። ስለዚህ «ደብቀሽዋል» ብሎ መውቀስ በሩን አያስከፍትም፤ የሚያስከፍተው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ልጁ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነው። እድሮች ይህን ዓይነት ሥራ ያውቁታል። ኤችአይቪ ሰፈሩን ባራቆተ ጊዜ ከቀብር አልፈው አልጋ ላይ የዋለውን ያስታመሙ፣ ወላጅ ላጣው ልጅ ደብተር የገዙ ብዙዎች ናቸው፤ መተዳደሪያ ደንባቸው ላይ አንቀጽ ጨምረው ነው። እዚህም የሚያስፈልገው አንቀጽ ከዚያ አይረዝምም፤ በተራ የሚቀመጡት አባላት ስም፣ ሰዓቱ፣ ልጁ የሚወደው ምግብና የሚያስፈራው ድምፅ፣ ቢጥለው ምን እንደሚደረግ፣ የእናቲቱ ስልክ ቁጥር።